በመዳፍ የተቀመሰ አረቄ

ባለፈው እሑድ ልጄ ዮናስ ያገባበትን ሃያኛ ዓመት ለማክበር ቤቴል በሚገኘው ቤቱ ተሰብስበን ነበር። የጴንጤ ቤት ነው። ዮናስ ሊያገባ ሲል የሚስቱን ቤተ ክርስቲያን ተከትሎ ሄደ፤ እኔም አልተቀየምኩም፣ ሰው በወደደበት ይጸልያል። በዚያ ቤት በር ቢራ እንኳ እንደማያልፍ ስሰማ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለጥቂት ጊዜ ጥየቃዬ ቀንሶ ነበር። የዮናስ አለቃ የሆነው ፈረንጅ ይህን ሁሉ ከየት ይወቀው? በክብ ካርቶን የታሸገ ስጦታ በሾፌሩ እጅ ላከ። ምራቴ ሰብለ ሽቶ መስሏት በደስታ ከፈተችው፤ ውስጡ ውስኪ ሆኖ ተገኘ። “ስጦታ አይመለስም፣ ቤቴ ግን አያድርም” አለችና ልታፈሰው ይዛው ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ቡሹ ሲነቀል እኔ ሳሎን ሶፋው ላይ ነበርኩ። ጥቂት ቆይቶ ከተጋበዙት የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን አንዷ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ “ሰብልዬ፣ ወጡን እይው፣ እያረረ ነው” አለች። ሌላዋ የሚሸተው የኤሌክትሪክ ገመድ ነው እንጂ ወጥ አይደለም አለች። አንድ ጎረቤት ደግሞ የክሊኒክ ሽታ ነው ብሎ ተከራከረ። ባንድ አፍታ ሳሎኑ ባዶ ሆነ፤ ድስት የሚከፍተው ድስት ሊከፍት፣ ሶኬት የሚነቅለው ሶኬት ሊነቅል ሄደ። ከተቀመጥንበት ያልተነሣነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ የሰብለ እናት ወይዘሮ አልማዝ ናቸው። ተያየን። እሳቸው ዓይናቸውን ወደ እጃቸው መለሱ፣ እኔም ወደ ጫማዬ።

ይህን ሽታ ከዚያ ቀን በፊት በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የማውቀው፤ ሁለቱም ጊዜ ኮልፌ፣ አንድ ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ። ሁለቱንም ጊዜ አሽትቼ ፈረድኩ፣ ሁለቱንም ጊዜ ተሳሳትኩ። የመጀመሪያው ስሕተቴ የጎዳው ደግሞ እኔን ሳይሆን ከፊት ለፊቴ የተቀመጡትን ሴት ነው።

ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ሳሉ፣ ኮልፌ የከተማው ዳርቻ በነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬ ሕንፃ በቆመበት ሁሉ ባሕር ዛፍ ነበር። ከመርካቶ በአሥር ሳንቲም አውቶቡስ ተሳፍሮ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ የወረደ ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው የአጠና ሽታ ነው። አዲስ የተላጠ አጠና ዝናብ ሲያርሰው የሚሸተውን ሽታ፣ የልጅ ልጆቼ ከሚቀቡት ሽቶ ከየትኛውም ጋር አልለውጠውም። ከአጠና ተራው ማዶ አንድ ጠጅ ቤት ነበር፤ አንድ ብርሌ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ አንድ መለኪያ አረቄ አሥር ሳንቲም። ባለቤቷ ያላት ሸክላ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መሐሉ ላይ ተጭሮ “ዓይኗ፣ ዓይኗ፣ ዓይኗ” እያለ ይቆምባታል። ሰፈሩ ዘፈኑን የሚያውቀው እንደዚያው ነው። ቧንቧ ዳር ተራ የሚጠብቁ ልጃገረዶች እንኳ ሲያንጎራጉሩ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ ሦስት ጊዜ “ዓይኗ” ብለው ነበር የሚያልፉት። ከብዙ ዓመት በኋላ ያንኑ ዘፈን በታክሲ ሬዲዮ ሳይሰናከል ስሰማው ዘፋኙ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር።

እኔ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ከሳልባጅ ተራ በአራት ብር የገዛሁት ቡናማ ካፖርት ነበረኝ፤ ኮሌታው ውስጥ የቀድሞ ባለቤቱ ስም በባዕድ ፊደል ተሰፍቶበታል። ሰውየው ማን እንደሆነ ሳላውቅ ሰባት ክረምት ስሙን ተሸክሜለት ኖርኩ። ሸራ ጫማዬን በጠመኔ አንጽቼ፣ ጎፈሬዬን በእንጨት ሚዶ አበጥሬ፣ ጭቃውን እየመረጥኩ ስረግጥ ያየኝ ሰው ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የምሠራ ነበር የሚመስለው። ሥራዬ ግን አረቄ ማሽተት ነው።

ቀጣሪዬ ግራዝማች ደምሴ አረቄ በጅምላ የሚገዙ ነጋዴ ነበሩ። ከኮልፌ፣ ከቀራንዮ፣ ከአስኮ ድረስ ያሉ አረቄ አውጪ ሴቶች በገምቦ፣ ደህና ያላት በጀሪካን አዝለው፣ ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ግቢያቸው ውስጥ ይሰለፋሉ። እኔ ከቆርቆሮው ዳስ ሥር በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ወጉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ተቀድቶ ይናጣል፤ አረፋው ዶቃ ዶቃ ሆኖ ከቆየ ብርቱ ነው፣ ቶሎ ከጠፋ ውሃ ገብቶበታል። ቀጥሎ ግራ መዳፌ ላይ ጠብ ይደረግልኛል፤ በቀኝ አውራ ጣቴ አሽቼ ሦስት ጊዜ አሸታለሁ። የመጀመሪያው ሽታ የኃይሉ ነው፤ ዓይን ያስለቅሳል እንጂ ምንም አይናገርም። ሁለተኛው የእህሉና የጌሾው ነው። ሦስተኛው፣ መዳፍ ደርቆ የሚቀረው፣ የሴትዮዋ እጅ ነው፤ ድስቷን አጥባ እንደሆነ፣ እሳቷን ጠብቃ እንደሆነ እሱ ይመሰክራል። ወደ አፌ አላስገባም። በአንድ ጠዋት ስድሳ ገምቦ የሚያይ ሰው ከእያንዳንዱ ቢውጥ ከምሳ በፊት እሱን ራሱን ተሸክመውት ይሄዳሉ። ስለዚህ ሰው “ቀማሹ” ይለኛል እንጂ ቀምሼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ፍርዱ ሁሉ እየሰማ፣ ጮክ ተብሎ ይነገራል። ጥሩው “አልፏል” ይባላል። ውሃ የበዛበት “ቀጥኗል” ይባልና ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ሴትዮዋም እየሳቀች ትቀበላለች። ውሃ መጨመር ብልጠት ነው፣ ብልጠት ደግሞ በገበያ ነውር አይደለም። የሚፈራው ቃል “አርሯል” ነው። ድፍድፉ ድስቱ ሥር ሲይዝ ጭስ ጭስ የሚል ሽታ በመቃው በኩል አልፎ ከአረቄው ጋር ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ የሚያድነው የለም። አርሯል የተባለባት ሴት እሳቷን ትታ ተኝታለች ወይም ወሬ ይዛለች ማለት ነው። በሰፈሩ የሙያ ስም የሚወጣውም የሚወርደውም በዚያች ቃል ነበር።

ወይዘሮ ወርቅነሽ ከከፋ አገር መጥተው ኮልፌ የከረሙ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ። አረቄያቸው አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም፤ ሌሎቹ ሴቶች ሲከራከሩኝ “የወርቅነሽን ያሳለፈ አፍንጫ የኔንም ያሳልፍ እንጂ” ይሉኝ ነበር። በዚያ ክረምት ወንድማቸው ሞቶ ለለቅሶ ቦንጋ ሄዱ፤ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦባቸው ወር ያህል ቆዩ። ጥንስሱንም እሳቱንም ለልጃቸው ለአልማዝ ትተውላት ነበር። አልማዝ ሃያ ዓመቷ ነው፣ ብቻዋን ስታወጣ የመጀመሪያዋ ነው። እናትየዋ ከተመለሱ በኋላ በነበረው ዓርብ ሁለቱ ተያይዘው መጡ፤ ወይዘሮ ወርቅነሽ ጥቁር ለብሰዋል፣ አልማዝ ገምቦውን አዝላለች። እናትየዋ በሰልፉ ጎን ሲያልፉ ለእያንዳንዷ ሴት “ዛሬ የልጄ እጅ ነው” ይሉ ነበር። ኀዘን ላይ ያለ ሰው እንደዚያ ፊቱ ሲበራ ሌላ ጊዜ አላየሁም።

ጠርሙሱን ናጥኩት፤ ዶቃው ቆመ፣ አልጠፋ አለ። መዳፌ ላይ አሽቼ አሸተትኩ። የመጀመሪያው ደህና ነው። ሁለተኛው ደህና ነው። ሦስተኛው ላይ ጭስ መጣ፤ ትንሽ አይደለም፣ መዳፌን ምድጃ ላይ የያዝኩት ያህል ነው።

“አርሯል” አልኩ።

“አላሳረርኩም፣ ጋሼ” አለች አልማዝ። “ዓይኔን ከእሳቱ አላነሣሁም።”

“ታዲያ ጭሱ ከየት መጣ?”

“ከብቅሉ ይሆናል። ዝናቡ አላባራ ብሎ ብቅሉ ሊሻግት ሆነ። ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ አስጥቼ በጭሱ አደረቅሁት። የአባቴ ዘመዶች በክረምት እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።”

“ብቅል የት፣ አረቄ የት” አልኳት። “የብቅል ጭስ ድፍድፍ ውስጥ ሰንብቶ፣ ድስት ውስጥ ፈልቶ፣ በመቃ አልፎ፣ በውሃ በርዶ እዚህ ድረስ ይመጣል? ጭስ እግር አለው እንዴ?”

ሴቶቹ ሳቁ። በአነጋገሬ ደስ እንዳለኝ አስታውሳለሁ።

“በአፍዎ ይቅመሱታ” አለች። “ያረረ ከሆነ ይመራል። አንዴ ይጎንጩትና ይፍረዱብኝ።”

ቀማሽ በአፉ እንደማይቀምስ ግቢው በሙሉ ያውቃል። ለእሷ ብዬ ወግ ብሰብር ሃምሳው ገምቦ ተራውን ይጠይቃል። እንዲህ ነበር ያሰብኩት፤ አሁን ሳስበው ልጅቱ የጠየቀችኝ አንድ ጉንጭ ነው። “ተረኛ” አልኩ።

ወይዘሮ ወርቅነሽ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ ቀስ ብለው፣ “እሳት ላይ ተኛሽብኝ?” አሏት።

“አልተኛሁም፣ እማ።”

“ታዲያ እሱ ይዋሽ?”

አልማዝ ምን ትበል? የእናቷ ስም ሃያ ዓመት የቆመው በእኔና ከእኔ በፊት በነበረው ቀማሽ ቃል ላይ ነው። ቃሉን ለምስጋና አምኖ ለነቀፋ አላምንም ማለት አይቻልም። እናትየዋ ቀድመው ወጡ፤ ልጅቱ ገምቦውን አዝላ አሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርታ በአጠና ተራው በኩል ስትከተላቸው አየኋት። ከዚያ ሌላ ገምቦ መጣ፣ እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ፤ ዝናቡ ቆሞ አደይ መታየት ጀመረ። ግራዝማች ዋናውን ቤታቸውን ከከተማው በስተምዕራብ የሚወጣውን መንገድ ለሚሠራ ፈረንጅ መሐንዲስ አከራይተው ራሳቸው ሰርቪሱ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ሰፈሩ “እንግሊዙ” ይለዋል፤ እሱ በተጠራ ቁጥር “እንግሊዝ አይደለሁም፣ ስኮትላንድ ነኝ” ይላል። ልዩነቱ የገባው ሰው ግን አልነበረም። አማርኛውን የለመደው ከቀን ሠራተኞች ስለሆነ ግራዝማችን ሳይቀር “አንተ” ነበር የሚላቸው፤ እሳቸውም ለኪራዩ ሲሉ ችለውታል። አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ከአገሩ በካርቶን የተላከለትን ጠርሙስ ይዞ ሰርቪሱ ድረስ መጣ። ግራዝማች ሊኮሩብኝ ፈልገው አስጠሩኝ።

“እንዲህ ያለ አፍንጫ በአገርህ የለም” አሉት። ወደ እኔ ዞረው “በል ክፍሌ፣ የሰውየውን አረቄ ፍረድለት” አሉኝ።

በወጉ መሠረት ሠራሁ። ጠርሙሱን ናጥኩ፤ ዶቃው ቆመ። ቀለሙ የተጣራ ጠጅ ይመስላል፣ እኔም አረቄ ምን ቀለም ያሻዋል ብዬ በልቤ አንድ ነጥብ ቀነስኩበት። መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ አሸሁ። ሦስተኛውን ማሽተት መጠበቅ አላስፈለገኝም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ጭስ ነው፤ በወይራ የታጠነ ጋን፣ ዮድ የተቀባ ቁስል፣ ዝናብ የመታው አመድ፣ ሁሉም ባንድ ላይ።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግራዝማች” አልኩ። “አርሯል። ያወጣችው ሴት እሳት ላይ ተኝታለች።”

ግራዝማች ደነገጡ። ፈረንጁ ቃሉን ከሠራተኞቹ ምሳ ያውቀው ኖሯል፤ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ከዚያ መለኪያ አንሥቶ ቀዳልኝ።

“በእጅ አይደለም” አለኝ። “በአፍ። ጠጣና ንገረኝ፣ ይመራል?”

ቅዳሜ ነው፣ የሚጠብቀኝ ገምቦ የለም፣ ግራዝማችም በዓይናቸው ጠጣ ይሉኛል። ተጎነጨሁ። መጀመሪያ ምላሴን ጨው ነካው፤ የትንኝ ክንፍ የምታክል ጨው። ቀጥሎ ጭሱ አፌን ሞላው። አሁን ይመራል ብዬ ስጠብቅ ጣፈጠ፤ ትኩስ የገብስ ቆሎ ላይ ማር የነካ ዓይነት ጣዕም መጣ። ዋጥኩት። ጭሱ አፍንጫዬ ውስጥ ቀረ፣ ጉሮሮዬ ግን ንጹሕ ነበር። ሥራዬ ስለሆነ ልዩነቱ ወዲያው ገባኝ፦ ያረረ ነገር የሚቀረው ጉሮሮ ላይ ነው፤ ይይዛል፣ ያደርቃል፣ ይመራል። ይህ ምንም አልያዘም። ሁለተኛ ተጎነጨሁ። ጨውና ዮዱን እስከ ዛሬም አልወደድኩለትም፣ ከጥሬ ሥጋ ጋር ምረጥ ብባል የኮልፌን ሁለቴ የወጣ ዳግም አረቄ እመርጣለሁ። ያወጣው ሰው ግን እጅ ያለው፣ እሳቱንም የጠበቀ ሰው ነው።

“አይመርም” አልኩት።

“እንግዲያ ጭስ ከየት መጣ?”

ልክ እኔ አልማዝን የጠየቅኳትን ጥያቄ መልሶ ጠየቀኝ። ራሱም መለሰው።

“የእኔ አገር ደሴት ነው። ዛፍ የለም። ዝናብ፣ ዝናብ፣ ዝናብ። ብቅል አይደርቅም። የረግረግ አፈር እንቆፍራለን፣ እናደርቃለን፣ እናነዳለን። ብቅል ከላይ፣ እሳት ከታች። ጭስ ብቅል ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በቃ፣ አይወጣም። ብታፈላው አይወጣም። አሥር ዓመት በርሜል ውስጥ ብታስቀምጠው አይወጣም።”

“አፈር ይነዳል?” አሉ ግራዝማች። እሳቸውን የገረማቸው እሱ ነው።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። መለኪያውን እንደያዝኩ ጭስ እግር አለው እንዴ ያልኳት ትዝ አለኝ፤ ሴቶቹ የሳቁትም ጭምር። አፈርኩ። ልጅቱ ነግራኛለች፤ ምን እንዳደረገች፣ ለምን እንዳደረገች፣ እኔም እንዴት ላረጋግጥ እንደምችል ሳይቀር ነግራኛለች። ፈረንጁ ያለው እሷ ካለችው አንድ ቃል አይበልጥም፤ እሱን ያመንኩት ፈረንጅ ስለሆነና አረቄው በካርቶን ስለመጣ ነው።

ሰውየው ሲሄድ ለግራዝማች “የወይዘሮ ወርቅነሽ ልጅ አረቄ አላረረም ነበር። ማክሰኞ በግቢው ልናገር ነው” አልኳቸው።

“ምን ብለህ?”

“ተሳስቻለሁ ብዬ።”

“ስማ ክፍሌ” አሉኝ፣ ሳይቆጡ። “ተሳስቻለሁ ያልክ ዕለት ባለፈው ዓመት የጣልክባት ሁሉ ገምቦዋን አዝላ ትመጣለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ደግሞስ ሴትዮዋ አረቄዋን ማምጣት አልተወችም። ምን ጎደለባት?”

እውነት ምን ጎደለባቸው አልኩ። ግራዝማችን አላማርርም። አልከለከሉኝም፣ ሰበብ ሰጡኝ እንጂ፤ እኔም ሰበብ ፍለጋ ነበር የነገርኳቸው።

ማክሰኞ ወይዘሮ ወርቅነሽ ብቻቸውን መጡ። ለሰልፈኛው “ዛሬ የራሴ እጅ ነው፣ ያችን ከእሳት አርቄያታለሁ” አሉ። “አልፏል” አልኩ። ዓርብም አለፈ። የሚቀጥለውም ማክሰኞ አለፈ። ሁለት ዓመት ያህል በሳምንት ሁለት ጊዜ ያችን “ተሳስቻለሁ” የምትል አንድ ቃል እስከ ጥርሴ አድርሼ ዋጥኳት፤ በዋጥኳት ቁጥርም ለሚቀጥለው ትከብዳለች። ሴቶቹ እየተጫወቱ ሲያወሩ እንደሰማሁት፣ ወይዘሮ ወርቅነሽ ቤት እንግዳ ሲመጣ ልጅቱ ምድጃ ዘንድ ከቀረበች “ተይው፣ ታሳርሪዋለሽ” ትባላለች። አልማዝን በዚያ ጊዜ አንድ ቀን ብቻ ፌርማታው ላይ አገኘኋት። ቤቴል ክሊኒክ ውስጥ በጽዳት ተቀጥራ ሰማያዊ ሽርጥ በዘንቢል ይዛለች። “ጤና ይስጥልኝ” አለችኝ፣ ደህና አድርጋ። አውቶቡሱ እስኪመጣ ሩብ ሰዓት አብረን ቆምን። ስለ ጭቃው አወራን።

ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ። የግራዝማች ግቢ ሌላ ነገር ሆነ፣ ካፖርቴ አለቀ፣ እኔም ቀበሌ ሱቅ ስኳር መዛኝ ሆንኩ። ወይዘሮ ወርቅነሽ መሞታቸውን በሰው በሰው ሰማሁ፤ ቀብር አልሄድኩም። አጠና ተራውን አልፌ ስሄድ አልፎ አልፎ ትዝ ይሉኝ ነበር፣ ግን ሰው ትዝ የሚለው ስንት ነገር አለ። ዓመታት ሄደው ዮናስ “ላገባ ነው” ሲለኝ የማን ልጅ እንደሆነች እንኳ አልጠየቅኩም። ሽማግሌዎቹ እሺ ተብለው ተመልሰው፣ ለትውውቅ ቤቴል ስንጋበዝ፣ በር የከፈቱልን ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው። አየት አደረጉኝና “ይግቡ፣ ጋሼ ክፍሌ፤ ዛሬ የሚፈረድበት ነገር የለም” አሉኝ። ሰው ሁሉ የሽምግልና ቀልድ መስሎት ሳቀ።

እነሆ ሃያ ዓመት በየበዓሉ አብረን ተቀምጠናል። አንቺ እላት የነበረችውን እርስዎ እላለሁ፤ ስለ ልጅ ልጆቻችን ጥርስ፣ ስለ ውሃ መጥፋት፣ ከአየር ጤና ታክሲ ስለማጣት እንጨዋወታለን። አረቄ የሚባል ነገር በመካከላችን ተነሥቶ አያውቅም። ረስተውት ይሆናል እላለሁ። የተበደለ ይረሳል ብሎ የሚያስበው በዳይ ነው፤ ይህን የማላውቅ ሆኜ አይደለም፣ ግን ከእሑድ እሑድ አደረሰኝ።

ወደ ባለፈው እሑድ ልመለስ። ሰብለ ጠርሙሱን ይዛ ከወጥ ቤት መጣች፤ መዘምራኑና ጎረቤቱም ከኋላዋ።

“ወጥም አይደለም፣ ገመድም አይደለም” አለች። “የሸተተው ይሄ ነው። የተበላሸ ነው የላኩልን፤ አርሯል።”

“አላረረም” አልኩ።

ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። የዳሱ ሥር ድምፄ ነበር፤ ስድሳ ሴት እንዲሰማው የለመደ። ሁሉም ዞረው አዩኝ፣ ከዚያ በኋላ መቀመጥ አይቻልም፣ ተነሣሁ።

“አላረረም። ብቅሉ በጭስ ደርቆ ነው። ያኔም አላረረም ነበር። ወይዘሮ አልማዝ፣ እኔ የጣልኩት አረቄዎ አላረረም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። መሳሳቴንም በዚያው መስከረም አውቄዋለሁ።”

መዘምራኑ ተያዩ። ዮናስ “አባዬ፣ ደህና ነህ?” አለኝ። ወይዘሮ አልማዝ አልደነገጡም፣ አልተቆጡምም። የነጠላቸውን ጥለት አስተካከሉ።

“እኔማ አውቅ ነበር” አሉ። “ቀምሼዋለሁ። ያላወቀችው እማዬ ናት።”

“ልነግራቸው አስቤ ነበር።”

“አልነገሯትም።”

“አልነገርኳቸውም።”

“ልትሞት ስትል” አሉ፣ “እጄን ያዘችና ‘ያችን ያሳረርሽብኝን አረቄ ይቅር ብዬሻለሁ፣ ልጄ’ አለችኝ። አላሳረርኩም ልላት ነበር። ከዚያ የቀራትን ሰዓት አሰብኩ፣ እሷንም አየኋት። አሜን አልኳት።”

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለውን ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ ተርቼዋለሁ። ዮናስ ክንዴን ይዞ አስቀመጠኝ።

ሰብለ ጠርሙሱን እንደያዘች ቆማለች። አያቷ አረቄ ያወጡ እንደነበር ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

“አምጪው” አሏት እናቷ።

“እማ፣ ውስኪ እኮ ነው።”

“አልጠጣውም። ለጋሼ ስጫቸው።”

ግራ መዳፋቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። ጠርሙሱን ተቀብዬ እንደ ወጉ ጠብ አደረግሁላቸው። በቀኝ አውራ ጣታቸው አሹት። አሸተቱ። ቆይተው አሸተቱ። መዳፋቸው እስኪደርቅ ጠበቁና ሦስተኛ ጊዜ አሸተቱ፤ በግቢው ቆመው ሲጠብቁ ወጉን ተምረውታል።

“ይኸው ነው” አሉ።

የቀረውን ሰብለ ወጥ ቤት ገብታ አፈሰሰችው። ሲንቆረቆር ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ምሳ ቀረበ። ሌሎቹ ተነሥተው ቧንቧው ዘንድ ሄዱ፣ ለእኔና ለወይዘሮ አልማዝ ግን ሰብለ ማስታጠቢያውን ይዛ ከተቀመጥንበት መጣችልን። እኔ ሁለት እጄን ታጠብኩ። ወይዘሮ አልማዝ ቀኝ እጃቸውን ብቻ ዘረጉ። ግራውን ጨብጠው ጉልበታቸው ላይ አኑረውት ነበር።